የጦር ካሳና የገበሬ መሬት፦ ከቆቃ ሲታዩ ጃፓንና ቻይና

ከሞጆ ወደ መቂ የሚወርድ መንገደኛ ቆቃን የሚያውቃት በዓሣዋ፣ በቲማቲሟና ከመንገዱ ባሻገር በሚታየው ሰፊ ውሃ ነው። ያንን ውሃ አግዶ የያዘው ግንብ የጦርነት ዕዳ የተከፈለበት መሆኑን ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ፋሺስት ጣሊያን በአምስቱ የወረራ ዓመታት ላደረሰችው ጥፋት ኢትዮጵያ ካሳ ጠየቀች፤ በ1947 ፓሪስ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል 25 ሚሊዮን ዶላር ወሰነላት። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ንትርክ ሆነ። በ1956 ሁለቱ መንግሥታት ሲስማሙ ገንዘቡ ወደ 16.3 ሚሊዮን ዶላር ወርዶ ነበር። እሱም ቢሆን በአመዛኙ በጥሬው አልመጣም፤ ግድብ ሆኖ መጣ። የጣሊያን ኩባንያ ሠራው፣ ሥራውም ገቢውም ለእሱ ሆነ። ግድቡ በ1960 ተመርቆ ሦስቱ ተርባይኖች ሲዞሩ ከ43 ሜጋ ዋት ያላነሰ ኃይል ወደ አዲስ አበባና ወደ አካባቢው ፋብሪካዎች መፍሰስ ጀመረ። ሐይቁ የዋጠው የግጦሽና የእርሻ መሬት የነበራቸው የአካባቢው ኦሮሞዎች ግን ከካሳው ክርክር ውስጥ ስማቸው አልተነሳም።

በዚያው በ1960፣ በርማ ውስጥ ባሉ ቻውንግ በሚባል ወንዝ ላይ ለቆቃ መንትያ ሊባል የሚችል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። የተሠራው ጃፓን በጦርነቱ በርማን ይዛ በቆየችበት ጊዜ ላደረሰችው ጥፋት በከፈለችው ካሳ ነው። ጃፓን ከፊሊፒንስ ጋር በ1956፣ ከኢንዶኔዥያ ጋር በ1958፣ ከደቡብ ቬትናም ጋር በ1959 ተመሳሳይ ስምምነት አድርጋለች። ውሉ ካሳው በጃፓን ዕቃና በጃፓን ሙያ እንዲከፈል የሚል ስለነበር ለጃፓን ኩባንያዎች ከጦርነቱ በኋላ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚመለሱበት በር ሆነላቸው። ካሳ ከፋይም ከካሳ ያተርፋል። ይህን ጣሊያንም ጃፓንም አውቀውበታል።

የቆቃ ጎረቤት የሆነችው ወንጂም ከእስያ ጋር የሚያያይዛት ታሪክ አላት። ስኳሩን ያመጣው የሆላንድ ኩባንያ፣ ነባሮቹ የወንጂ ሰዎች ዛሬም «ኤች ቪ ኤ» የሚሉት፣ ሀብቱን ያፈራው ጃቫና ሱማትራ ላይ ነበር። በ1942 ጃፓን ደሴቶቹን ያዘች። በ1945 እጅ በሰጠች በሁለተኛው ቀን ኢንዶኔዥያ ነጻነቷን አወጀች። የሆላንድ ተካዮች መሬቱ ከእግራቸው ሥር ሲሸሽ ሌላ ሜዳና ሌላ ወንዝ ፈለጉ፤ በ1951 ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተዋዋሉ፣ በ1954 የወንጂ ፋብሪካ ስኳር ማምረት ጀመረ። የእስያ ጦርነት ማብቂያ አዋሽ ዳር ሸንኮራ አበቀለ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። በ1945 ነሐሴ ስትሸነፍ ሂሮሺማና ናጋሳኪ በአቶም፣ ቶኪዮ በተራ ቦምብ የነደዱባት፣ ሕዝቧ የሚበላው ያጣባት አገር በ15 ዓመት ውስጥ እንዴት ለሌላው ግድብ ሠሪ ሆነች? ጎረቤቷ ቻይናስ በጦርነትና በረሃብ ደክማ፣ ዛሬ አዳማ ኮረብታ ላይ ነፋስ የሚያዞራቸውን ማማዎች ለመትከል እንዴት በቃች?

ኢትዮጵያውያን ጃፓንን መመልከት የጀመርነው ዛሬ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። የዚያው ዓመት የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን ከጃፓን የሜጂ ሕገ መንግሥት ብዙ ቀድቷል። ከበደ ሚካኤልም «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው ጽፈዋል። በ1956 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቶኪዮ ሲገቡ ከጦርነቱ ወዲህ ጃፓን በይፋ በብሔራዊ እንግድነት የተቀበለቻቸው የመጀመሪያው የአገር መሪ ነበሩ። በ1964 ደግሞ አበበ ቢቂላ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ የቶኪዮን ማራቶን አሸነፈ፤ ከዚያ ወዲህ ጃፓን ለእኛ ሩቅ አገር አይመስለንም። እንደ እኔ አመለካከት ግን ሊቃውንቶቻችንም ቤተ መንግሥቱም በጃፓን ውስጥ ያዩት ማየት የፈለጉትን ነው፦ ያልተገሰሰ ዘውድ፣ ትምህርት ቤት፣ መርከብ፣ ፋብሪካ። የገበሬው ነገር ዳር ቀረ። ከጦርነቱ በኋላ የተነሳችው ጃፓን ደግሞ የተነሳችው ከገበሬው ነው።

ከሽንፈቱ በፊት ከጃፓን የእርሻ መሬት ግማሽ ገደማው በጭሰኛ የሚታረስ ነበር። ጭሰኛው ከሩዙ ምርት ግማሹን ያህል ለባለመሬቱ ይገብራል። አገሪቱን የያዙት አሜሪካውያን፣ በጄኔራል ማክአርተር አዛዥነት፣ ይህ ካልተለወጠ ገጠሩ ወይ ወደ ወታደሮቹ ወይ ወደ ኮሚኒስቶቹ ይሄዳል ብለው ፈሩ። የግብርና ሚኒስቴሩ ጃፓናውያን ባለሙያዎችም ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ ሲመኙት የቆዩት ጉዳይ ነበር። በ1946 ጥቅምት የወጣው ሕግ መንደሩ ውስጥ የማይኖር ባለመሬት የሚያከራየውን ሁሉ ለመንግሥት እንዲሸጥ፣ መንደሩ ውስጥ የሚኖር ደግሞ አንድ ሄክታር ያህል ብቻ በኪራይ እንዲያስቀር አዘዘ።

እዚህ ላይ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ነገሩ የሠመረው በአፈጻጸሙ ነውና። በየመንደሩ በምርጫ የሚቋቋም የመሬት ኮሚቴ ነበር። አሥር አባላት ነበሩት፦ አምስት ጭሰኞች፣ ሦስት ባለመሬቶች፣ ሁለት የራሳቸውን መሬት የሚያርሱ ገበሬዎች። የትኛው ማሳ የማን እንደሆነ፣ ማን ስንት ዓመት እንዳረሰው፣ ማን መንደሩ ውስጥ ይኖራል ማንስ የለም የሚለውን የሚወስኑት የዚያው የሩዝ ማሳ ጎረቤታሞች ናቸው። ጭሰኛው ብቻውን አብላጫ አልነበረውም፤ ከሁለቱ ባለማሳዎች ቢያንስ አንዱን ማሳመን ነበረበት። እስከ 1950 ድረስ ወደ 2 ሚሊዮን ሄክታር መሬት እጅ ለወጠ፤ በጭሰኛ የሚታረሰው ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ። ደም አልፈሰሰም። ባለመሬቱ የተከፈለው ግን በመንግሥት ቦንድ ነበርና የዋጋ ንረቱ ቦንዱን በላው፤ በሕግ ሽያጭ ቢባልም በተግባር ንጥቂያ ነበር ማለት ይቻላል። ገበሬው በራሱ መሬት ላይ ማዳበሪያ መጨመር፣ ልጁን ትምህርት ቤት መላክ፣ ውሎ አድሮም የልብስ ስፌት መኪናና ሬዲዮ መግዛት ጀመረ። የጃፓን ፋብሪካዎች ዓለምን ከማጥለቅለቃቸው በፊት ያገኙት የመጀመሪያ ገበያ ይህ ነው።

ቀሪው የጃፓን ታሪክ በብዙ መጻሕፍት የተነገረ ስለሆነ ፈጠን ልበል። አዲሱ ሕገ መንግሥት በ1947 ግንቦት ጸና፤ ንጉሠ ነገሥቱ የአገር ምልክት ብቻ ሆኑ፣ ሴቶች መረጡ፣ አገሪቱ ጦርነትን ካደች። በ1949 የን በዶላር 360 ላይ ተቸነከረ። በ1950 የኮሪያ ጦርነት ፈነዳና የአሜሪካ ጦር ትዕዛዝ ጎረፈ፤ ለኪሳራ አንድ ሐሙስ የቀረው ቶዮታ በጭነት መኪና ትዕዛዝ ነፍስ ዘራ። የእኛ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ኮሪያ ተራሮች ላይ ሲዋደቁ ጃፓን በፋብሪካ ደጃፍ ሆና ለጦርነቱ እየሸጠችለት ነበር። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። ዕድል የሚባለው ነገር በልማት ታሪክ ውስጥ ቦታ እንዳለው ለማስታወስ ነው።

የኢትዮጵያ ነጋዴ በደንብ የሚገባው ደግሞ የውጭ ምንዛሪው ጉዳይ ነው። ጃፓን እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ ዶላር በወረፋ የምታድል አገር ነበረች። ማን ምን ማሽን ያስመጣል የሚለውን የሚወስነው በ1949 የተቋቋመው የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ነበር። ተራ ጃፓናዊ ለሽርሽር ውጭ አገር መሄድ የተፈቀደለት በ1964 ሚያዝያ ነው። ልዩነቱ ወረፋው ምን ይጠይቅ ነበር የሚለው ላይ ነው፤ ዶላር የሚያገኘው ዕቃ ሠርቶ ወደ ውጭ ለመላክ ዕቅድ ያለው ነበር። ሚኒስቴሩ ግን ሁሌ ልክ አልነበረም። ኋላ ሶኒ የተባለው ትንሽ ኩባንያ የትራንዚስተር ፈቃድ ለመግዛት 25,000 ዶላር ሲጠይቅ ባለሥልጣኖቹ ወራት አንገላቱት፤ ሆንዳም መኪና ልሥራ ሲል አልወደዱለትም። ሁለቱም እምቢ ብለው ገቡበት።

ፖለቲካውም ጸጥ ያለ አልነበረም። በ1960 ከአሜሪካ ጋር የተደረገውን የጸጥታ ውል በመቃወም የቶኪዮ ጎዳናዎች በሰልፈኛ ተሞልተው ጠቅላይ ሚኒስትር ኪሺ ሥልጣን ለቀቁ። ተተኪያቸው ኢኬዳ በአሥር ዓመት የአገሪቱን ገቢ እጥፍ አደርጋለሁ ብለው የተነሱት በዚያው ዓመት ነው። ያ ዝነኛ ዕቅድ፣ በአንድ በኩል ሲታይ፣ ለጎዳናው የተሰጠ መልስ ነበር። አንድ ፓርቲ ከ1955 እስከ 1993 ሳያቋርጥ ገዛ፤ ግን ምርጫም፣ ፍርድ ቤትም፣ የሚጮህ ጋዜጣም ነበረበት። ልማት የሚመጣው ሕዝብ ዝም ሲል ነው የሚሉ ሰዎች ጃፓንን በምስክርነት መጥራት አይችሉም።

ሁለት ነገር ልጨምር፤ ሁለቱም ለቆቃ ሰው ቅርብ ናቸው። ሚናማታ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ሜርኩሪ ወደ ውሃው ይደፋ ነበር። ዓሣ የበሉ ድመቶች አበዱ፣ ከዚያ ሰዎች አካላቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። በሽታው በ1956 ታወቀ፤ መንግሥት መንስኤው የፋብሪካው ፍሳሽ ነው ብሎ ያመነው በ1968 ነው። የቆቃ ሐይቅም ከሞጆ በኩል የሚመጣውን የቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽና ከየማሳው የሚታጠበውን ማዳበሪያ ይቀበላል፤ ውሃው በአረንጓዴ አልጌ የሚሸፈንበት ጊዜ አለ። ሁለተኛው የናሪታ አየር ማረፊያ ነው። በ1966 መንግሥት ሳያማክር ቦታውን ሲመርጥ ገበሬዎቹ እምቢ አሉ፤ ተማሪዎች ደረሱላቸው፣ ሰው ሞተ፣ ማረፊያው የተከፈተው በ1978 ነው። ከእኛ ዘንድ በ2006 ዓ.ም. እና በ2008 ዓ.ም. በፊንፊኔ ዙሪያ ማስተር ፕላን ምክንያት የተነሳውን ተቃውሞ የሚያስታውስ፣ ቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ የታቀደውን ታላቅ አየር ማረፊያ የሰማ አንባቢ የናሪታን ታሪክ ቢያነበው አይጎዳም።

ወደ ቻይናውያን ዓለም እንለፍ። ቻይና ስል ቤይጂንግን ብቻ አይደለም፤ ታይዋንም አለች። በ1949 ማኦ ዋናውን ምድር ሲይዙ ቺያንግ ካይሼክ ወደ ታይዋን ሸሹ። ገጠሩን ባለመመልከታቸው አገር እንዳጡ የገባቸው ይመስላል፤ በታይዋን ገጠሩን መለወጥ ጀመሩ። በ1949 የመሬት ኪራይ ከዋናው ምርት ከ37.5 በመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ በ1953 ደግሞ መሬት ላራሹ ተሰጠ። አከፋፈሉ ከጃፓን ይልቅ ብልሃት ነበረው። ባለመሬቱ ሰባ በመቶውን በሩዝና በስኳር ድንች በሚተመን ቦንድ፣ ሠላሳ በመቶውን የሲሚንቶና የወረቀት ፋብሪካዎችን በመሰሉ የመንግሥት ድርጅቶች አክሲዮን አገኘ። የዋጋ ንረት አልበላውም፤ አንዳንዱም ባለፋብሪካ ሆነ። ፖለቲካው ግን ጨለማ ነበር፦ ከ1949 እስከ 1987 ወታደራዊ አዋጅ፣ እስር፣ ግድያ። ሕዝቡ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ የመረጠው በ1996 ነው። የምርጫው ዋዜማ የቻይና ሚሳይሎች ደሴቲቱ አጠገብ እየወደቁ ነበር፤ ሕዝቡ ወጥቶ መረጠ።

«መሬት ለአራሹ» ለኛም እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባ ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. አደባባይ ይዘውት ወጡ። የዚያን ጊዜው የምሥራቅ ሸዋና የአርሲ ጭሰኛ እኩል ወይ ሲሶ ይገብር ነበር፤ ትራክተር የገዙ ባለመሬቶችም ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከመሬቱ ያስለቅቁት ጀመር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ጭሰኝነትን ሻረ። ከጃፓንም ከታይዋንም የበለጠ ሥር ነቀል ነበር፣ በአንድ ቀን የታወጀ። ታዲያ የጃፓን ገበሬ ያገኘውን የእኛ ገበሬ ለምን አላገኘም?

መልሱን የቻይና ታሪክ በከፊል ይነግረናል። ቻይናም በ1950 የመሬት ሕግ አወጣች፤ ባለመሬቶች በየአደባባዩ እየተሰደቡና እየተደበደቡ፣ በርካቶችም እየተገደሉ፣ መሬቱ ለድሃው ገበሬ ተከፋፈለ። ገበሬው የያዘውን መሬት ግን ከጥቂት ዓመታት በላይ በእጁ አላቆየውም። በ1956 ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ በ1958 ኮምዩን መጣ። የግል ምድጃ ቀርቶ በጋራ አዳራሽ ተበላ፤ ብረት ለማቅለጥ የቤት ድስት ሳይቀር ተሰበሰበ። ካድሬዎች ያልተመረተ እህል ተመረተ ብለው ሪፖርት አደረጉ፤ መንግሥት በሪፖርቱ ልክ ኮታውን ወሰደ። ቀጥሎ የመጣው ረሃብ ስንት ሰው እንደገደለ ተመራማሪዎች አይስማሙም፤ ግምቱ ከ15 እስከ 45 ሚሊዮን ይደርሳል። ከ1966 እስከ 1976 ደግሞ የባህል አብዮት ትምህርት ቤቱንም መሥሪያ ቤቱንም አመሰው።

ማኦ በሞቱ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1978 መጨረሻ፣ በአንኹይ ክፍለ ሀገር ሺያዎጋንግ በምትባል የድሃ ድሃ መንደር 18 ገበሬዎች በሌሊት አንድ ጭቃ ቤት ውስጥ ተሰበሰቡ። የመንደሩ ሰው በየዓመቱ ምግብ ሲያልቅበት ለልመና የሚሰደድ ነበር። አንድ ወረቀት ጻፉ፦ የጋራውን መሬት በቤተሰብ እንካፈላለን፤ እያንዳንዱ ቤት የመንግሥቱን ኮታ ያስገባል፤ ከዚያ የተረፈው የራሱ ነው፤ ነገሩ ታውቆ መሪዎቻችን ቢታሰሩ ወይም ቢገደሉ የቀረነው ልጆቻቸውን 18 ዓመት እስኪሞላቸው እናሳድጋለን። በስማቸው ላይ የጣት አሻራና ማኅተም አደረጉ። ወንጀል ነበር። በቀጣዩ መኸር ምርታቸው ካለፉት ዓመታት ብዙ እጥፍ ሆነ፤ የክፍለ ሀገሩ ባለሥልጣን ዋን ሊ አዩና ከመቅጣት ይልቅ ከለላ ሰጧቸው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አሠራሩ መላ ቻይናን አዳረሰ፤ ኮምዩኖቹ ፈረሱ። የመሬቱ ባለቤትነት እስከ ዛሬ የጋራ ነው፤ ገበሬው ያገኘው የመጠቀም መብት ነው፣ መጀመሪያ ለ15 ዓመት፣ በኋላ ለ30።

ይህን ያነበበ የደርግ ዘመን የሉሜ ወይም የቦራ ገበሬ የራሱን ታሪክ ያገኘው ይመስለኛል። መሬቱ በአዋጅ ደረሰው፤ ምርቱ ግን አልደረሰውም። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በቁርጥ ዋጋ ኮታ ይጠይቀዋል፤ ከገበያ በውድ ገዝቶ ኮታ ያስገባ ገበሬ ጥቂት አይደለም። አምራች ኅብረት ሥራው ለም መሬቱን ወሰደ፤ በ1978 ዓ.ም. አካባቢ መንደር ምሥረታው ቤቱን አስነቀለው። ደርግ ቅይጥ ኢኮኖሚ ብሎ ኮታውን የተወው በ1982 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ ጦርነቱ በር ላይ ደርሶ ነበር። ቻይናም መሬት አልሸጠችም፤ እኛም በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም ብለናል። ስለዚህ በግል ይያዝ ወይስ በመንግሥት የሚለው ክርክራችን፣ አስፈላጊ ቢሆንም፣ ትልቁን ጥያቄ የሚሸፍንብን ይመስለኛል፦ ገበሬው ያመረተው የማን ነው፣ ነገ ማሳው ላይ እንደሚያገኘው እርግጠኛ ነው ወይ?

የቻይና ገበሬ እጁ ላይ ትርፍ ሲያድር በየመንደሩ ትናንሽ ፋብሪካዎች ፈሉ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሠራተኛ ይዘው ነበር። በ1980 ከሆንግ ኮንግ ማዶ ያለችው ሼንዤን ልዩ የኢኮኖሚ ዞን ሆነች። የመጀመሪያዎቹ ባለሀብቶች አብዛኞቹ ነጮች አይደሉም፤ ከሆንግ ኮንግና ከታይዋን የመጡ፣ ቋንቋውን የሚናገሩ፣ ገዢ በውጭ አገር ያላቸው ቻይናውያን ናቸው። አዳማ ላይ በ2018 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ የዚህ አሠራር የሩቅ ዘመድ ነው። ሼንዤን ግን ወደቡም ባለሀብቱም ከድልድይ ማዶ ነበሩለት፤ የአዳማ ዕቃ ጅቡቲ ለመድረስ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ኢትዮጵያ በ2022 መጀመሪያ ከአሜሪካ የአጎዋ ገበያ ስትወጣ ፓርኮቻችን የደረሰባቸው ድንጋጤም ገዢው በሌላ አገር ውሳኔ ላይ የቆመ መሆኑን አሳይቷል።

ስለ ውጭ ብድር ደግሞ አንድ ብዙ ያልተነገረ ነገር አለ። ቻይና በ1972 ከጃፓን ጋር ስትታረቅ የጦር ካሳ አልጠይቅም አለች፤ የታይዋን መንግሥት ቀደም ሲል በ1952 ትቶታል። ዴንግ ሺያዎፒንግ በ1978 ጥቅምት ጃፓንን ሲጎበኙ የኒሳንን ፋብሪካ አዩ፣ በፈጣኑ ባቡር በሺንካንሰን ተሳፈሩ። በቀጣዩ ዓመት ጃፓን በዝቅተኛ ወለድ የየን ብድር መስጠት ጀመረች። ገንዘቡ የባቡር ሐዲድና ወደብ ሠራ፤ በሐዲዱ የቻይና ድንጋይ ከሰል ወደ ጃፓን ተጫነ፣ ከጃፓን ማሽን መጣ። ብዙ ቻይናውያን ያልተጠየቀው ካሳ በዚህ መልክ እንደመጣ ይቆጥሩት ነበር። ጃፓን ራሷም ተበዳሪ ነበረች፤ ሺንካንሰኑ ሲሠራ ከዓለም ባንክ 80 ሚሊዮን ዶላር ወስዳለች፣ 171 ሠራተኞች የሞቱበት የኩሮቤ ግድብም የዓለም ባንክ ገንዘብ ገብቶበታል፤ ዕዳዋን ከፍላ የጨረሰችው በ1990 ነው።

ስለዚህ አዳማ ላይ ቆሞ የቻይናን ሥራ የሚያይ ሰው የሚያየው ቻይና ከጃፓን የተማረችውን አሠራር ጭምር ነው። በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ከግማሽ በላይ ወጪው የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው፤ የጅቡቲው ባቡርም በ2016 ሲመረቅ አብዛኛው ገንዘቡም ሠሪውም ከቻይና ነበር። ሁለቱ የአዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ አንደኛው 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት፣ በስም ሲደመሩ ቆቃን ከአራት እጥፍ በላይ ይበልጡታል። ከሞጆ በቆቃ በኩል ወደ ሐዋሳ የሚሄደው የፍጥነት መንገድ ደግሞ የአፍሪካ ልማት ባንክ፣ የኮሪያ፣ የቻይናና የዓለም ባንክ ገንዘብ በየክፍሉ የተካፈለው ነው። ጥሩ ሥራ ነው፤ የመንገዱን ምቾት የነዳ ያውቀዋል። ግን ያ የቻይና ከሰል በሐዲዱ ሄዶ ብድሩን እንደከፈለው የእኛስ ባቡር ምን ጭኖ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል? ኮንቴይነሩ ሞልቶ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይመጣል፤ ሲመለስ ብዙው ባዶውን ነው።

ጃፓኖች በበኩላቸው ያመጡልን ካይዘንን ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ፣ ልማታዊ መንግሥት የሚለውን ሐሳብ በታይዋንና በኮሪያ ምሳሌ ሲሟገቱ የነበሩት፣ ጃፓንን ራሳቸው ጠየቁ፤ በ2009 በ30 ያህል ፋብሪካዎች ሙከራው ተጀመረ፤ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ቁልፍ የትም ከመጣል ሰሌዳ ላይ ቅርጹ በተሳለበት መስቀል፣ ብልሽትን ሠራተኛው ራሱ መመዝገብ፣ ያ ሁሉ መልካም ነው። ጃፓኖችም ጥራት መቆጣጠርን በ1950 ከአሜሪካዊው ዴሚንግ ተምረውታል፣ አያፍሩበትም። ነገር ግን የጃፓን ሠራተኛ ሐሳብ የሚያዋጣው ሥራው እንደማይቀርበትና ደመወዙ እንደሚያድግ ስላመነ ነበር፤ እሱም ቢሆን በ1950ዎቹ ከከባድ አድማዎች በኋላ የተገኘ ስምምነት ነው። ደመወዙ የቤት ኪራይ የማይሸፍንለት ሠራተኛ ሰሌዳው ላይ ሐሳብ ጻፍ ቢባል ምን ይጽፋል?

ከካይዘን ይልቅ ብዙ ያልተወራለት ሌላ የጃፓን ሥራ አለ። የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት፣ ጃይካ፣ ኬንያ ላይ የጀመረውንና በ2017 ወደ ኦሮሚያና አማራ ያመጣውን የአትክልት ገበሬዎች ፕሮጀክት ማለቴ ነው። ገበሬዎቹ ከመዝራታቸው በፊት ራሳቸው ገበያ ይወጣሉ። ነጋዴውን ይጠይቃሉ፦ በየትኛው ወር ምን ትፈልጋለህ፣ በምን መጠን፣ በምን ዋጋ፣ ገንዘቡን መቼ ትከፍላለህ? መልሱን ደብተር ላይ ይጽፋሉ፣ ተመልሰው ባልም ሚስትም ባሉበት ምን እንደሚዘሩ ይወስናሉ። ቀላል ይመስላል። ቆቃና መቂ ላይ ግን ቲማቲም የሚተከለው ባለፈው ወቅት ዋጋው ስለተወደደ ነው፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይተክላል፣ ሁሉም ባንድ ሳምንት ያደርሳል፣ ደላላው ማሳው ዳር መኪና አቁሞ ዋጋውን ይናገራል። ቲማቲም ቀን አይሰጥምና ገበሬው እሺ ይላል። ፓምፑን፣ ነዳጁንና ዘሩን ያቀረበው ባለገንዘብ ድርሻውን ያነሳል፣ መሬቱን ያዋጣው ገበሬ ከተረፈው ይካፈላል። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሳጥኑ ውስጥ ያለው ገበሬ በራሱ መሬት ላይ የእኩል ተካፋይ የሚሆንበት አሠራር ይህ ነው።

ጃፓን በ1947 የግብርና ኅብረት ሥራ ሕግ ያወጣችው ለዚህ ነበር፤ መሬቱ የደረሰው ገበሬ ብቻውን ከነጋዴው ፊት እንዳይቆም። የመንደር ማኅበሩ ማዳበሪያ ገዛ፣ ሩዝ ሰበሰበ፣ አበደረ፣ መጋዘን ሠራ፤ ውሎ አድሮ ከገዢው ፓርቲ ጋር ተጣብቆ የራሱ ችግር የሆነ ኃይል እስኪሆን ድረስ ገነነ። መቂ ባቱ የአትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች ዩኒየን እዚሁ አጠገባችን አለ። ካድሬ የሚያዝዘው ማኅበር ምን እንደሚመስል ከደርግ ዘመን የሚያውቁት ሽማግሌዎችም አሉ፤ «ማኅበር» ሲባሉ ፊታቸውን የሚያዞሩት ያለ ምክንያት አይደለም።